በእግር ወደ ላሊበላ፦ ከአቀበቱ ይልቅ ቁልቁለቱን ፍሩ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን የ62 ዓመት ጡረተኛ እናት ናቸው፤ ባለቤታቸው 67 ዓመት የሞላቸው የቀድሞ መምህር። ኑሯቸው ደሴ ነው። ልጃቸው ታማ በዳነች ጊዜ «ለገና ላሊበላን በእግራችን ሄደን እንሳለማለን» ብለው ተስለዋል፤ ያሰቡትም ከወልድያ ተነስተው ሙሉ መንገዱን ሊራመዱ ነው። እሳቸው ግራ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ በተለይ ደረጃ ሲወርዱ። ሲብስባቸው ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ይውጣሉ። ባለቤታቸው ደም ግፊት አለባቸው፤ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳሉ። ልጆቹ «በመኪና ሂዱ፣ ስለቱ ያው ነው» እያሉ ይሟገታሉ። «በዚህ ዕድሜያችን ይቻለናል ወይ? ከተቻለንስ እንዴት እንዘጋጅ?» ይላሉ።

እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ የምሠራውም እዚሁ ወሎ ነው። ከገና በኋላ ባሉት ሳምንታት እያነከሰ የሚመጣውን ተሳላሚ በየዓመቱ ስለማይ ለጥያቄዎ መልስ አላጣም። ይቻላችኋል፣ እትዬ። ባሰባችሁት መንገድ ግን አይደለም።

ከመንገዱ እንጀምር። ከወልድያ ድልብን ወጥቶ፣ በጋሸና ታጥፎ ላሊበላ የሚገባው የመኪና መንገድ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቀን 15 ኪሎ ሜትር ብትሉ እንኳ የዕረፍት ቀን ሳይቆጠር ከ11 ቀን በላይ ይፈጃል። በኩልመስክ የሚያልፈው ያጥራል፣ ይከፋልም። የላስታና የዋግ ገበሬ ስንቁን አንጠልጥሎ ይህን ሁሉ ገደል እየዘለለ ሲመጣ ታያላችሁ፤ እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ቁልቁለት ሲወርድ የኖረ ነው። እናንተ ዕድሜያችሁን በክፍልና በቢሮ ያሳለፋችሁ ሰዎች ናችሁ። ከወልድያ እስከ ጋሸና ያለው ክፍል ደግሞ ለእግረኛ የሚመች አይደለም፤ የወልድያ–ወረታ መንገድ የጭነት መኪና የሚርመሰመስበት ነው፤ የድልብ ጥምዝምዝ ላይ የመንገዱን ጠርዝ ይዞ መሄድ ጉልበት ከማመም የከፋ አደጋ አለው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ እስከ ጋሸና በመኪና ሂዱ። ከጋሸና ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያን በእግራችሁ ጨርሱት። «ስለታችን ከወልድያ ነበር» ካላችሁ ያ የኔ ሥራ አይደለም፤ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። የጤናውን ነገር ሳትደብቁ ንገሯቸው። ብዙ ሰው ለሐኪም የሚናገረውን ለንስሐ አባቱ፣ ለንስሐ አባቱ የሚናገረውን ለሐኪም ሳይናገር ነው መሀል ላይ የሚወድቀው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰው ሁሉ የሚፈራው አቀበቱን ነው። ልጆቻችሁም «ልባችሁ አይችልም» የሚሏችሁ አቀበቱን አስበው ይመስለኛል። አቀበት ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ያልባል፣ ያቆማል፤ ችግሩን ወዲያው ስለሚናገር ግን ሰው ራሱን ይጠብቅበታል። ቁልቁለት ግን ዝም ብሎ ነው የሚጎዳ። ትንፋሽ አያሳጥርም፣ «ቀለለን» ብላችሁ ትፈጥናላችሁ፣ ዋጋውን የምትከፍሉት በነገታው ነው።

የከፍታውን ነገር ተመልከቱ። ጋሸና ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ደጋ ላይ ናት። መንገዱ ከዚያ ወርዶ ወርዶ የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ወዳለበት ሜዳ ሲደርስ ከፍታው 2,000 ሜትር አይሞላም። ከዚያ እንደገና 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ከተማ ይወጣል። ስለዚህ ጉዟችሁ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁለት፣ ከዚያ ግማሹን ያህል አቀበት ነው። «ወደ ላሊበላ መውጣት» እየተባለ ስለሚወራ ሰው ይህን ልብ አይለውም።

ስንወርድ የፊት ጭን ጡንቻ እንደ ፍሬን ነው የሚሠራው። ጉልበት በድንገት እንዳይታጠፍ እየያዘ፣ እየተለጠጠ ክብደት ይሸከማል። ጡንቻ እየተኮማተረ ከሚሠራው ይልቅ እየተለጠጠ የሚሠራው ሥራ ነው ክሩን የሚያደክመውና የሚያቆስለው። ሕመሙም በዚያው ቀን አይሰማም፤ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚብሰው። በሁለተኛው ማለዳ ከመደብ ተነስቶ መቆም ያቃተው ሰው «ምን ነካኝ? ትናንት እኮ ደህና ነበርኩ» የሚለው ለዚህ ነው። ጡንቻው ከደከመ ደግሞ ሸክሙ ወደ መገጣጠሚያው ይሄዳል፤ የእርስዎ ግራ ጉልበት የሚጎዳው ያኔ ነው።

ደስ የሚለው ነገር ይህ ጡንቻ በፍጥነት መማሩ ነው። ቁልቁለት አንድ ጊዜ በልኩ ወርዶ የታመመ ጡንቻ፣ ካገገመ በኋላ ያንኑ ቁልቁለት ቢደገምለት ሕመሙ በጣም ይቀንሳል፤ ጥበቃውም ለሳምንታት ይቆያል። እናንተ ደግሞ ደሴ ናችሁ፤ ጦሳ ከደጃችሁ ነው። ሰው ጦሳን «ለስፖርት» ሲወጣ መውጣቱን ቆጥሮ መውረዱን እንደ ዕረፍት ያየዋል። እናንተ ገልብጡት። እስከሚቻለው በተሽከርካሪ ውጡ፣ በእግራችሁ ውረዱ። መጀመሪያ ሩብ ሰዓት ያህል መውረድ ይበቃል። ከዚያ ሦስትና አራት ቀን ጠብቃችሁ ጭናችሁ እንዴት እንደሆነ እዩ። ሕመሙ ሲለቅ ጨምሩ። በጥቅምት መጀመሪያ ብትጀምሩ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ከአሥር ሳምንት በላይ አላችሁ፤ ይህ በቂ ነው። የመጨረሻውን ረጅም ቁልቁለት ከመነሳታችሁ አሥር ቀን ያህል አስቀድማችሁ ውረዱት፤ ከዚያ ወዲህ ሜዳ ሜዳውን ብቻ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ ልስጥዎ፤ ብዙ ካዘዝኩ አይሠሩትም። አንደኛው ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ነው። እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣጥፈው ይነሱ፣ ሲቀመጡ ግን ዘፍ አይበሉ፤ በልብዎ እስከ አራት እየቆጠሩ ዝቅ ይበሉ። መነሳቱ ማንም የሚችለው ነው፤ ጥቅሙ ያለው ዝቅ ማለቱ ላይ ነው። ሁለተኛው አንድ ደረጃ ላይ ቆሞ በአንድ እግር ቀስ ብሎ ሌላውን እግር ወደ ታች ማስነካት ነው፤ ግድግዳ ይያዙ። ሁለቱንም አንድ ቀን እያለፋችሁ፣ ባልም ሚስትም።

«ጉልበቴ ፈሳሹ ደርቋል ተብያለሁና እንቅስቃሴ ይብሱን አይጨርሰውም ወይ?» የሚል ጥያቄ በሆድዎ እንዳለ እገምታለሁ፤ ሁሉም ይጠይቀኛልና። አይጨርሰውም። የዕድሜ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ጉልበት የሚጠነክረው በሚጠነክር ጡንቻ ነው፤ ጋደም ብሎ የተሻለው የለም። መለኪያው እንዲህ ነው፦ ሲሠሩ ትንሽ ቢያምዎ ይቀጥሉ። በነገታው ማለዳ ግን ሕመሙ ወደ ነበረበት ካልተመለሰ ወይም ጉልበቱ ካበጠ በዝቷል ማለት ነው፤ ይቀንሱ። ጉልበቱ ድንገት ከድቶ የሚጥልዎ ከሆነ፣ ወይም ተቆልፎ አልዘረጋ የሚል ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ምክር ይቅርና መጀመሪያ ይታዩ።

በኅዳር መጨረሻ ራሳችሁን ፈትኑ። በተከታታይ ሁለት ቀን 15፣ 15 ኪሎ ሜትር ተራመዱ፤ በሁለተኛው ቀን ቁልቁለት ይኑርበት። በሦስተኛው ማለዳ ሁለታችሁም በእግራችሁ ቆማችሁ ቤተ ክርስቲያን ስማችሁ መምጣት ከቻላችሁ ሂዱ። ካልቻላችሁ ለልጆቻችሁ ጆሮ ስጡ፤ ወይ መጨረሻውን ክፍል ብቻ ተራመዱ።

ስለ ዱላ። አንድ ምርኩዝ ይዛችሁ እንደምትሄዱ አውቃለሁ፤ ለቁልቁለቱ ግን ለእያንዳንዳችሁ ሁለት ሁለት ያስፈልጋችኋል። ወይራ ያምራል፣ ከባድ ነው፤ ሽመል ይሻላል። አንድ ብቻ ከሆነ የሚያዘው በታመመው ጉልበት በኩል አይደለም፤ የእርስዎ ግራ ጉልበት ነውና ዱላው በቀኝ እጅዎ ይሁን። ሲወርዱ መጀመሪያ ዱላው፣ ቀጥሎ የታመመው እግር፣ ከዚያ ደህናው። ሲወጡ ደህናው ይቅደም። እርምጃ አሳጥሩ፤ ጉልበት ገትሮ ተረከዝ መምታት የለም። ቁልቁለቱ ሲበረታ ቀጥ ብላችሁ ሳይሆን እባብ እንደሄደበት እየተጠማዘዛችሁ ውረዱ።

ባልና ሚስት አብረው ሲሄዱ የማየው አንድ ነገር አለ፤ እናንተም ዘንድ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ባል ቀደም ይላል፣ አለት አግኝቶ ይቀመጣል፣ ይጠብቃል። ሚስት እያለከለከች ስትደርስ እሱ ያርፍ ከነበረበት ብድግ ይላል፦ «በይ እንሂድ፣ ፀሐይ ሳይበረታ!» እሱ አርፏል፤ እሷ ደግሞ አንድ ጊዜም ሳታርፍ ቀኑን ሙሉ ሄደች። ደካማው ይበልጥ የሚደክመው እንዲህ ነው፤ ማንም ክፉ ሳይሆን። ስለዚህ ሕጉ ይኸው፦ ቀርፋፋው ከፊት ይሂድ። ዕረፍት መቆጠር የሚጀምረው ሁለተኛው ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው። በየአንድ ሰዓቱ አሥር ደቂቃ አረፍ በሉ፣ ደክሟችሁም አልደከማችሁም። ፍጥነቱ እየተጫወታችሁ የምትሄዱበት ይሁን፤ አረፍተ ነገር ሳትጨርሱ ትንፋሽ ካጠራችሁ ፈጥናችኋል። በአቀበቱ ላይ ምናልባት ቀርፋፋው ጋሼ ይሆናሉ፣ በቁልቁለቱ እርስዎ። ተቀያየሩ። መምህር የነበረ ሰው ከኋላ መሄድ ሊከብደው ይችላል፤ ይታገሡ።

አሁን የመድኃኒቱ ነገር፤ ከጉልበቱ የበለጠ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አብረው ለሚወስድ ሰው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ሲጨመርበት፣ በላዩ ላይ የውሃ ጥማት ሲመጣ ኩላሊት በድንገት ሊጎዳ ይችላል። ሦስቱ መድኃኒቶች ኩላሊት ደም የሚያገኝበትን መንገድ በሦስት አቅጣጫ ነው የሚነኩት። ጋሼ ዳይክሎፌናክ አልታዘዘላቸውም። ግን በሁለተኛው ማለዳ ጭናቸው ሲያማቸው የማንን ኪኒን ነው የሚጠይቁት? የባለቤታቸውን። የሁለት ሽማግሌ ትዳር መድኃኒት የጋራ ነው፤ አውቀዋለሁ። በዚህ ጉዞ ላይ አይሁን። ለሁለታችሁም ፓራሲታሞል ያዙ፦ 500 ሚሊ ግራሙን ሁለት ፍሬ፣ ቢያንስ በስድስት ሰዓት ልዩነት፣ በቀን ከስድስት ፍሬ ሳያልፍ፤ ጉበት የሚያመው ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይውሰድ። ለእርስዎ ጉልበት የሚቀባ የዳይክሎፌናክ ቅባት ከፋርማሲ ቢያገኙ ከሚዋጠው ይሻላል፤ በባዶ ሆድ የሚዋጠው ጨጓራ ይልጣል፣ ጊዜው ደግሞ ጾም ነው።

ከመነሳታችሁ ስድስት ሳምንት ያህል ቀደም ብላችሁ ሐኪማችሁ ዘንድ ሂዱ። ግፊት፣ ስኳር፣ የኩላሊት ምርመራ። ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፦ የሽንቱን ኪኒን (ሃይድሮክሎሮታያዛይዱን) በእግር ጉዞ ቀን መቼ ልውሰደው? ተቅማጥ ወይም ትውከት ቢይዘኝ የግፊት መድኃኒቶቼን ማቆም አለብኝ ወይ? ደረጃ ስወጣ ደረቴን የሚጫነኝ ከሆነስ (ይህን እሱ ባይጠይቃችሁም እናንተ ንገሩት)? በገዛ እጃችሁ «መንገድ ላይ ስለሚያሸናኝ» ብላችሁ ኪኒን መዝለል አይሆንም።

ገና የሚውለው ከጾመ ነቢያት በኋላ ነውና ከኅዳር 15 ጀምሮ በጾም ላይ ናችሁ። ልምምዱም፣ ጉዞውም እዚያው ውስጥ ይወድቃል። በእግር እየሄዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉና ሳይጠጡ መዋል ለደም ግፊት ሕመምተኛ የማልመክረው ነው። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛና ለመንገደኛ የምታየው ነገር አለና እሱንም ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱ፤ ከመነሳታችሁ በፊት ግን፣ መንገድ ላይ ሆናችሁ በስልክ አይደለም። የጾም ምግቡ ራሱ ችግር የለበትም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፤ የተሳላሚ ስንቅ ከጥንት ጀምሮ የተመረጠው ስለማይበላሽና ስለማይከብድ ነው። አንድ የምጨምረው፣ በዕድሜ የገፋ ጡንቻ ገንቢ ምግብ ይፈልጋልና ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ በየገበታው አይጥፋ። ሲመሽ በሻይና በዳቦ ብቻ አትተኙ።

ውሃን በተመለከተ፣ በዕድሜ የጥማት ስሜት ይደክማል። ጋሼ «አልጠማኝም» ቢሉ አይመኗቸው። እርስዎ ደግሞ ሌላ ችግር አለብዎ፤ ብዙ እናቶች ሽንት ቤት በሌለበት መንገድ ላይ ላለመቸገር ብለው ሆን ብለው አይጠጡም። ውጤቱ ራስ ምታት፣ መፍዘዝ፣ የሽንት ቧንቧ ማቃጠል ነው። ሰፊ ቀሚስና ነጠላ ይያዙ፣ ባለቤትዎ ዞር ብለው ይቁሙ፣ ይጠጡ። ሽንታችሁ ከጠቆረ አንሷል። ከምንጭም ከቧንቧም የተቀዳውን አፍሉ፤ ካልተቻለ ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያ ክሎሪን) ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) ሦስት አራት ፓኮ ያዙ፣ ክብደት የለውም፤ ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ ፓኮ ነው፣ በብርጭቆ በጥብጣችሁ አትጠጡ።

ጫማ። አዲስ ጫማ አድርጋችሁ አትነሱ፤ ይህን የማያውቅ የለም፣ የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው። ሲገዙ ከሰዓት በኋላ፣ እግር ሲያብጥ ይሁን፤ ካልሲ አድርጋችሁ ሞክሩ፣ ከጣታችሁ ፊት የአውራ ጣት ያህል ቦታ ይትረፍ። ያ ቦታ ከሌለ በጋሸና ቁልቁለት ላይ ጣታችሁ ጫማውን እየመታ ጥፍራችሁ ይጠቁራል። ኮንጎ ጫማ ለገበሬው ልጅ ይበቃዋል፤ ለእናንተ ማታ ማታ እግር ማናፈሻ ይሁን። በባዶ እግር ለመሄድ የተሳሉ አሉ፤ እናንተ ካላላችሁ አትጨምሩበት። የምርመራ ውጤቱ ስኳር አለ ካለ ደግሞ በባዶ እግር ፈጽሞ አይቻልም።

ውሃ የሚቋጥረው እግር ቀድሞ ይናገራል፤ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ያቃጥላል። ያኔ ነው ቆሞ ጫማ አውልቆ ፕላስተር መለጠፍ። «እዚያች ዛፍ ጋ ስንደርስ» ካላችሁ አልፏል። የቋጠረውን አትላጡት። ጠዋት ጠዋት ጣቶቻችሁ መሀል ቫዝሊን ቀቡ፣ እኩለ ቀን ላይ ካልሲ ቀይሩ።

የቀኑ አደላደል እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ። ታኅሣሥ 19 ከጋሸና መነሳት፣ ሦስት ቀን በቀን ከ13 እስከ 14 ኪሎ ሜትር። በታኅሣሥ 22 ታች ሆናችሁ ሙሉ ቀን ማረፍ፤ ይህ ቀን የጭኑ ሕመም የሚብስበት ቀን ስለሆነ ስንፍና አትበሉት። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ከተማው ያለው 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ለአንድ ቀን ይበዛልና ለሁለት ክፈሉት፤ ከከተማዋ ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር ላይ ናኩቶ ለአብ አለ፣ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ጠበል ጠጥታችሁ ማለፍ ትችላላችሁ። ታኅሣሥ 24 ላሊበላ ትገባላችሁ። በዘመነ ዮሐንስ ከሆነ ልደት ታኅሣሥ 28 ይውላልና አንድ ቀን ቀደም በሉ፤ 2020 እንዲያ ነው። በዋዜማው መድረስ ግን ለእናንተ አይሆንም። ደክሞ ገብቶ በዚያ ሕዝብ መሀል ማደሪያ መፈለግ ወጣቱንም ይጥላል።

አንድ በቅሎ ከነነጂው ተከራዩ። «ስለቱ በእግር ነው» አትበሉ፤ በቅሎው የሚሸከመው ጓዙን ነው። ጉልበትዎ እምቢ ባለ ሰዓት ግን ከመሀል መንገድ የሚያወጣዎ እሱ ነው። መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢ ሰው አብሮ መኖሩ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። የመንገዱን ሰላም በተመለከተ ደግሞ በዚያው ሳምንት ጋሸናና ላሊበላ ያለ ዘመድ ወይም ነጋዴ ጠይቃችሁ እንጂ ባለፈው ዓመት ወሬ አትነሱ። «አሁን አይሆንም» ካሏችሁ አይሆንም ነው።

የጋሸና ሌሊት በታኅሣሥ ውርጭ ያለበት ነው። አንድ ጋቢ ለሁለት አይበቃም። ቆብና የእጅ ሹራብ ያዙ። ታች ስትወርዱ ደግሞ ቀትሩ ያቃጥላል፤ ዝቅ ያለው ስፍራ ስታድሩ አጎበር ያስፈልጋል። «የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን» ብላችሁ ብታንኳኩ የላስታ ሰው አይመልሳችሁም። የራሳችሁን አንሶላ ግን ያዙ። ተሳላሚ ተደራርቦ በሚያድርበት ቁንጫም ቅማልም አለ፤ ቅማል የሚያስተላልፈው ተመላላሽ ትኩሳት እንዲህ ባለው ደጋ መሀል የታወቀ በሽታ ነው። ከተመለሳችሁ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ቢነሳባችሁ «ላሊበላ ነበርን፣ ከብዙ ሰው ጋር አድረናል» ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

ላሊበላ ከገባችሁ በኋላ ጉዞው ያለቀ ይመስላችኋል፤ ለጉልበት ገና ነው። አሥራ አንዱም አብያተ ክርስቲያናት በደረጃ መውረድና መውጣት ናቸው፤ ደረጃው በስንት መቶ ዓመት እግር ተልጦ ተንሸራታች ሆኗል፣ ቤተ ጊዮርጊስ ያለበት ጉድጓድ ብቻውን ወደ 12 ሜትር ይጠልቃል። ጫማ ታወልቃላችሁ፣ ድንጋዩ በረዶ ነው፣ ዋሻው ጨለማ ነው። ባትሪ ያዙ። ሁሉንም በአንድ ቀን አትሳለሙ። የአካባቢው ሰው እግር አጥቦ ተሳላሚ ይቀበላል፤ እሺ በሉ፣ ሲያጥቧችሁም ቁስል መኖር አለመኖሩን እዩበት፤ ከዚያ በጣቶቻችሁ መሀል ያለውን ውሃ አድርቁ። በልደት ማለዳ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ በአለቱ አፋፍ ላይና ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉን ሲያሸበሽቡ ሰው ሁሉ ወደ ጠርዙ ይገፋል። እናንተ ሌሊቱን ቀድማችሁ ከኋላችሁ ግድግዳ ያለበት ቦታ ያዙ። ጠርዝ ላይ አትቁሙ።

መንገድ ላይ ወዲያው የሚያስቆሙ ነገሮች አሉ፦ ሲወጡ የሚመጣና ሲቆሙ የሚለቅ የደረት ጫና፣ አንድ እግር ብቻ ባት ላይ ማበጥና ማመም፣ ራስን መሳት፣ ቀኑን ሙሉ ሽንት አለመሽናት። አንዱ ከታየ ጉዞው እዚያው ያበቃል፤ በመጀመሪያው መኪና ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ወልድያ ሆስፒታል ነው። ይህን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙበት፤ ያመመው ሰው ሳይሆን ሌላው ይወስን። ጋሼ ለራሳቸው «ምንም አልሆንኩም» ማለታቸው አይቀርምና።

ስለ መመለሻው አልጠየቁኝም፤ ግን በእግር አይሁን። ከበዓሉ በኋላ አንድ ሁለት ቀን አርፋችሁ በመኪና ተመለሱ፣ መንገድ ላይ በየሁለት ሰዓቱ ወርዳችሁ እግራችሁን አፍታቱ። የፍስኩን ዶሮም ቀስ ብላችሁ ጀምሩት፤ ከአርባ ቀን በላይ የጾመ ሆድ በአንድ ጊዜ ሲጫንበት ላሊበላ ላይ የሚያስተኛው ሰው ጥቂት አይደለም። የመድኃኒቶቻችሁን ስምና መጠን በሁለት ወረቀት ጽፋችሁ የጋሼን በእርስዎ ቦርሳ፣ የእርስዎን በጋሼ ኪስ አድርጉ፤ ለልጆቻችሁም አንድ ቅጂ ተዉላቸው።